ፕሮስቴት ካንሰርዎ «እንከታተለዋለን» ከተባለ፦ እነዚህን ስህተቶች ያስወግዱ

ሐኪሙ «ካንሰር ነው፤ ግን አሁን አንነካውም፣ እንከታተለዋለን» ሲል ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። ካንሰር ተብሎ ዝም ይባላል እንዴ? ቀስ ብሎ ለሚያድግና አደገኛነቱ ዝቅተኛ ለሆነ የፕሮስቴት ካንሰር ግን ዛሬ በብዙ አገር ቀድሞ የሚመከረው ይኸው የቅርብ ክትትል ነው። ከፕሮስቴትዎ በመርፌ የተወሰደውን ናሙና የውጤት ወረቀት ይመልከቱ። «ግሊሰን 6» ወይም «ግሬድ ግሩፕ 1» የሚል (ካንሰሩ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያለ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) ካገኙ የምናወራው ስለ እርስዎ ሊሆን ይችላል።

ተጣድፎ ማስወጣት። «አውጥተውልኝ ልገላገል» የሚለው ስሜት ይገባኛል። ቤተሰብም ይገፋፋል። ግን ቀዶ ሕክምናም ሆነ ጨረር ዋጋ ያስከፍላል፦ ሽንት መቆጣጠር ሊያቅት፣ የወሲብ ችሎታ ሊዳከም፣ በጨረር ደግሞ አንጀት ሊታወክ ይችላል። በብሪታንያ ፕሮቴክት የተባለው ጥናት 1,643 ወንዶችን በዕጣ ለክትትል፣ ለቀዶ ሕክምናና ለጨረር መደባቸው። በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው የ15 ዓመት ውጤት በፕሮስቴት ካንሰር የሞቱት ከመቶ 3 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ በሦስቱም ምድብ ቁጥሩ ተቀራራቢ ነው። አንድ ነገር ግን መደበቅ የለበትም። ካንሰሩ የተሠራጨባቸው በክትትል ምድብ ከመቶ 9 ገደማ፣ በሌሎቹ 5 ገደማ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ ሁሉ ዝቅተኛ አደጋ ያላቸው አልነበሩም፤ ክትትሉም በአብዛኛው በፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ፕሮቲን መጠን በሚለካ የደም ምርመራ) ላይ የቆመ ነበር። የዛሬው ክትትል ኤምአርአይ የተባለውን የምስል ምርመራና ተደጋጋሚ ናሙና ስለሚጨምር ጠበቅ ያለ ነው። ስለዚህ ለማሰብና ሁለተኛ ሐኪም ለማማከር ጊዜ አለዎት።

ክትትሉን መርሳት። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የሚያም ነገር የለም፣ ሰውየው ጤነኛ ነው። አሜሪካ የሚኖር አባት ክረምቱን አገር ቤት ይከርማል፣ ቀጠሮው ያልፋል፣ ሲመለስ ኢንሹራንሱ ተቀይሯል፣ ሳይታወቅ ሁለት ዓመት ይነጉዳል። የተለመደው አካሄድ ፒኤስኤ በየ6 ወሩ፣ የጣት ምርመራ (ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል ፕሮስቴቱን በጣት የሚዳስስበት) በዓመት አንዴ፣ ናሙና ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ገደማ ተደግሞ ከዚያ በየጥቂት ዓመቱ ነው። የእርስዎን ሐኪምዎ ይወስናል። ከጉዞ በፊት ያስመርመሩ፤ የድሮ ውጤቶችዎን ቅጂ ይዘው ይሂዱ። በነገራችን ላይ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ሕክምና የሚሸጋገሩ ብዙ ናቸው። ክትትሉ የተዘረጋው ያንን ለውጥ በጊዜ ለመያዝ ነው።

በአንድ ቁጥር መደናገጥ። ፒኤስኤ ከፍ የሚለው በካንሰር ብቻ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከምርመራው በፊት በነበሩት አንድ ሁለት ቀናት ወሲብ መፈጸም፣ ረጅም የብስክሌት ጉዞም ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ከፍ ካለ መጀመሪያ ይደገማል። ተቃራኒውም አለ፦ ለፕሮስቴት ማበጥ የሚሰጠው ፊናስቴራይድ ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ይህን ኪኒን የሚወስዱ ከሆነ ሳይናገሩ ከምርመራ ክፍል አይውጡ፤ አለዚያ ዝቅ ያለው ቁጥር ያታልላል።

«ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው» ብሎ ናሙና መቅረት። ኤምአርአይ አንዳንድ አደገኛ ካንሰሮችን ሳያሳይ ያልፋቸዋል። ናሙና ደስ እንደማይል አውቃለሁ፣ ግን አይዝለሉት።

ከወንድምና ከልጅ መደበቅ። እኛ ዘንድ በሽታ ይደበቃል፤ የዚህ አካባቢ በሽታ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ግን የራሱ አደጋ ይጨምራል፤ በአሜሪካና በአውሮፓ ጥናቶችም የጥቁር ወንዶች አደጋ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው። ልጅዎ ከ40 እስከ 45 ዓመት ሲደርስ ስለ ፒኤስኤ ሐኪሙን መጠየቅ ይኖርበታል። ሲጠይቅም «አባትህ በስንት ዓመቱ ተገኘበት? ግሊሰኑስ ስንት ነበር?» ይሉታል። መልሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።