በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ረዳት ስፒከር አተካከል፦ ድምፁ ከመቅደሱ እንዲመጣ

ጎንደር ውስጥ በበዓል ቀን አብዛኛው ምእመን የሚያስቀድሰው ውጭ ቆሞ ነው፤ ከጥዱ ሥር፣ ከቅጥሩ ጥግ፣ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ። ለሁሉም እንዲሰማ ሲባል የተለመደው ዘዴ የምዕራብ በሩን ሞንታርቦ ማስጮኽ ነው። ከበሩ 5 ሜትር የቆሙት ጆሯቸውን ይይዛሉ፣ 40 ሜትር ላይ ያሉት ደግሞ ጩኸት እንጂ ቃል አይሰሙም። ክፍት ቦታ ላይ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ይወርዳል፤ ከ5 ሜትር እስከ 40 ሜትር ሦስት ጊዜ ይታጠፋልና ልዩነቱ 18 ዴሲቤል ነው። ይህን ልዩነት የሞንታርቦውን ጉልበት በመጨመር መሙላት አይቻልም። ትንንሽ ረዳት ስፒከሮች በዙሪያው ቆመው፣ ከዋናው ሞንታርቦ ዝቅ ብለውና ዘግይተው ሲያሰሙ ግን ይሞላል።

መጀመሪያ ቦታ። 20 ሜትር ስፋት ላለው ክብ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዋና በምዕራብ በር፣ ሁለት ሁለት ረዳት በሰሜን፣ በደቡብና በምሥራቅ ይበቃሉ። በ3.5 እና በ4 ሜትር መካከል ከፍ ይደረጉ፤ ከፍታው ቅርብ የቆመውንና ሩቅ የቆመውን ያቀራርባል። ፊታቸው የግድ ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ቅጥሩ ይዙር። ቅጥሩ ላይ ተሰቅሎ ወደ ሕንፃው የሚመለከት ስፒከር ምንም ቢስተካከል አይረዳም፤ መካከል ያለው ሰው ከፊትና ከኋላ በተለያየ ሰዓት ይሰማል፣ ወደ ማይኩም ተመልሶ ያፏጫል።

ብዙው ሥራ የሚበላሸው በማዘግየቱ ላይ ነው። ድምፅ በሽቦ ወዲያው ይደርሳል፣ በአየር ግን ለ1 ሜትር 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ረዳቱ ካልዘገየ ምእመኑ መጀመሪያ የሚሰማው ከእሱ ነው፤ የዋናው ኋላ ይደርሳል። ልዩነቱ ከ50 ሚሊ ሰከንድ ሲያልፍ «እግዚኦ» ሁለት ጊዜ ይሰማል፣ ቃል ከቃል ይደራረባል። ስለዚህ ከዋናው እስከ ረዳቱ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፣ በ3 ያባዙ፣ 10 ይደምሩ። የተደመረው 10 የዋናው ድምፅ ቀድሞ እንዲደርስ ነው። ጆሮ አቅጣጫ የሚለየው ቀድሞ በደረሰው ነውና፣ ረዳቱ እየተናገረ ሰዉ ፊቱን ወደ በሩ እንደመለሰ ይቆያል።

ለሰሜኑና ለደቡቡ ርቀቱ 20 ሜትር ከሆነ 70 ሚሊ ሰከንድ ነው። ምሥራቁን ግን በቀጥታ መለካት ስሕተት ነው። ድምፁ በመቅደሱ ውስጥ አያልፍም፣ ግድግዳውን ዞሮ ነው የሚመጣው፤ የሕንፃው ግማሽ ዙሪያ ብቻ 31 ሜትር ይሆናል። ከዋናው ተነሥተው ግድግዳውን ታክከው እስከ ረዳቱ ገመድ ይዘርጉ። ገመዱ 38 ሜትር ከወጣ 124 ሚሊ ሰከንድ ያስገቡ። የጠዋቱ ብርድ አያስጨንቅም፤ በ10 እና በ25 ዲግሪ መካከል 40 ሜትር ላይ የሚመጣው ለውጥ 3 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ዋናው፣ ጎኖቹና ምሥራቁ የየራሳቸው መውጫ ስለሚያስፈልጋቸው በየመውጫው ዲሌይ (ማዘግየቻ) ያለው ዲጂታል ሚክሰር ይምረጡ።

ለመፈተሽ አንድ ሰው ማይኩ ፊት ከበሮውን ነጠላ ነጠላ ይምታ፣ እርስዎ ከረዳቱ ፊት 5 ሜትር ይቁሙ። ምቱ ሁለት ከሆነ ልኬቱን ይድገሙ። ከዚያ የረዳቱን ድምፅ ከዜሮ ቀስ አድርገው ይጨምሩ፤ «ከዚህ ስፒከር ነው የሚመጣው» የሚያሰኝበት ላይ ሲደርስ ድምፁ ወደ በሩ እስኪመለስ ይቀንሱ። ትክክለኛው መጠን ያ ነው፤ ሲዘጋ የሚጎድል፣ ሲከፈት ግን ያለ የማይመስል። በነጋታው ማንም መጥቶ እንዳያሳድገው ማስተካከያው ይቆለፍ፣ ይህ ሲዘነጋ ነው ድካሙ ሁሉ የሚባክነው።

ረዳቶቹ ቃልና ዜማ ይሸከሙ እንጂ የከበሮ ጉምጉምታ ለዋናው ይተው። ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡላቸው፤ ወፍራሙ ድምፅ በየረዳቱ ውስጥ ያለችውን፣ የመስመሩን ቮልት ለስፒከሩ የምትቀንሰውን ትንሽ ትራንስፎርመር ያጨናንቃል፣ ቃሉንም ያፍናል።

ሽቦው ረጅም ስለሆነ የ100 ቮልት መስመር፣ ማለትም አምፕሊፋየሩ ድምፁን በከፍተኛ ቮልት ልኮ በየስፒከሩ ያለው ትራንስፎርመር የሚቀንስበት፣ ይሻላል። 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለ100 ሜትር ሄዶ ሲመለስ 2.4 ኦም ያህል የኤሌክትሪክ እንቅፋት ይይዛል። 8 ኦም ስፒከር በዚህ ላይ በቀጥታ ቢታሰር ሊያገኘው ከሚገባው ጉልበት 60 በመቶ ያህሉ ብቻ ይደርሰዋል፤ በ100 ቮልት 30 ዋት ሲላክ ግን የሚጠፋው ከ1 ቮልት በታች ነው። ስድስት ረዳት በ15 ዋት 90 ዋት ነው፤ አምፕሊፋየሮቹ በድምሩ ከ120 ዋት በታች አይሁኑ። ትራንስፎርመር የሌለውን ስፒከር እዚህ መስመር ላይ ማሰር ግን ስፒከሩን ማቃጠል ነው። የሽቦዎቹን ቀለም በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ያድርጉ፤ ጎን ለጎን ካሉት አንዱ ከተገለበጠ መካከላቸው ያለው ሰው የሚሰማው ድምፅ ይቀጥናል።

ሽቦ ለመቅበር ከመቆፈር በፊት መቃብር የት የት እንዳለ ሰበካ ጉባኤውን ይጠይቁ። ግድግዳ አይብሱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን በመሰለ ቅርስ ላይማ ምስማር ጨርሶ የማይታሰብ ነው፤ ራሱን ችሎ የሚቆም የብረት ምሰሶ አለ። ዛፍም በነፋስ ይወዛወዛል፣ ሽቦውን ይበጥሳል። ለክረምቱ ማያያዣዎቹ ከታች በሚከፈት ሣጥን ውስጥ ይግቡ፣ ሽቦው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ ውኃው ይንጠብጠብ።

ማኅሌቱ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ለምሳሌ ለጥምቀት በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ይለወጣል። ካህናቱ ከዋናው ሞንታርቦ 12 ሜትር ወደ ኋላ ከቆሙ፣ የራሳቸው ድምፅ በአየር ስለሚሰማ ዋናውም 36 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት አለበት፤ በረዳቶቹ ላይም ያው 36 ይጨመራል። የውስጡንና የውጩን ልኬት በሚክሰሩ ላይ ለየብቻ ያስቀምጡ፣ ርቀቶቹንም በወረቀት ጽፈው ክዳኑ ውስጥ ይለጥፉ።