ሁለት የኤስዲአይ ራውተርና አንድ መቆጣጠሪያ ፓናል አያያዝ

ይሄ ለቤተክርስቲያን ላይቭ፣ ለትንሽ ስቱዲዮ ወይ ለአዳራሽ ለምትሠሩ ነው። የማወራው ስለ ዋይፋይ ራውተር አይደለም፣ የካሜራ ሲግናል በኤስዲአይ (የቪዲዮ ሲግናል በኬብል የሚላክበት መንገድ) ተቀብሎ ወደፈለጋችሁት ሞኒተር ስለሚልከው ነው፣ እንደ ብላክማጂክ ቪዲዮሃብ ያለው። ፓናሉ ደግሞ ራውተሩን የምታዙበት በተን ያለው እቃ ነው።

ኬብል ከመሳባችሁ በፊት ወረቀት ላይ ኢንፑቱንና አውትፑቱን (ሲግናል የሚገባበትንና የሚወጣበትን) በቁጥር ጻፉት። አንድ ካሜራ ለፈለጋችሁት ያህል አውትፑት ይሄዳል፣ አንድ አውትፑት ግን በአንድ ጊዜ የሚያሳየው አንዱን ብቻ ነው። ሁለተኛው ራውተር ሌላ ክፍል ከሆነ ከመጀመሪያው አውትፑት ወደ ሁለተኛው ኢንፑት ኬብል ትዘረጋላችሁ፣ እና ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ በመሃል የሚያልፈው ሲግናል በዘረጋችሁት ኬብል ልክ ነው። ሁለት ኬብል ካለ ሦስተኛ ካሜራ ወደዛ ክፍል ለመላክ ከሁለቱ አንዱን መልቀቅ ግድ ነው። ኤስዲአይ ደግሞ ባንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚሄድ ከዛኛው ክፍል ወደዚህ የሚመለስ ምስል ካለ ለብቻው ኬብል ይፈልጋል። ኬብሉ 75 ኦም (የኬብሉ የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው) ይሁን፣ የሬዲዮ 50 ኦም ኬብል እዚህ ውስጥ አታስገቡ በናታችሁ።

ሌላው ነገር ራውተሩ ፎርማት (የምስሉን መጠንና በሴኮንድ የሚላከውን ብዛት) አይቀይርም፣ የገባውን ነው እንዳለ የሚያወጣው። ፕሮጀክተሩ ከካሜራው የሚመጣውን ፎርማት ካልተቀበለ ጥቁር ይሆናል፣ ሰው ግን ራውተሩ ተበላሸ ይላል። ሁሉንም ካሜራ አንድ ላይ 1080ፒ50 አድርጉት፣ እቃችሁ ካልቻለ 1080አይ50።

ኔትወርኩ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ የኔትወርክ ስዊች ገዝታችሁ ሁለቱን ራውተር፣ ፓናሉንና ላፕቶፑን እዛ ላይ ሰኩ። አይፒ (የእያንዳንዱን እቃ የኔትወርክ አድራሻ) በእጃችሁ ስጡ፣ ለምሳሌ 192.168.10.11 እና 12 ለራውተሮቹ፣ 13 ለፓናሉ፣ 20 ለላፕቶፑ፣ ማስኩ ለሁሉም 255.255.255.0። አውቶማቲክ ከተዋችሁት መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ ፓናሉ ራውተሩን አያገኘውም። ላፕቶፑ ላይ ፋየርዎል ካለ ፖርት 9990 ክፈቱለት፣ ቪዲዮሃብ በሱ ነው የሚያወራው።

ፓናሉን በዩኤስቢ ላፕቶፕ ላይ ሰክታችሁ በሴትአፕ ሶፍትዌሩ የትኛውን ራውተር እንደሚያዝ አይፒውን ንገሩት። ሁለት አይነት አሠራር አለው፣ አንደኛው ለአንድ አውትፑት ብቻ ሆኖ እያንዳንዱ በተን አንድ ካሜራ ነው፣ ሌላኛው መጀመሪያ መድረሻውን ከዛ ምንጩን የምትመርጡበት ነው። በጎ ፈቃደኛ ልጆች የሚነኩት ከሆነ እኔ የመጀመሪያውን ነው የምመርጠው፣ ለመሳሳት ቦታ የለውም። በተኖቹ ላይ «ካሜራ 3» ብላችሁ አትጻፉ፣ «መድረክ»፣ «መዘምራን»፣ «በር» በሉ። ላይቭ የሚወጣበትን አውትፑት ሰው በስህተት እንዳይቀይረው ከሶፍትዌሩ ሎክ አድርጉት።

ሲያልቅ የፓናሉን ኔትወርክ ኬብል ነቅላችሁ እዩ፣ ምስሉ አይቋረጥም፣ ምክንያቱም ፓናሉ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ ምስሉን የያዘው ራውተሩ ነው። ስለዚህ ፕሮግራም መሃል ፓናሉ እንቢ ካለ ራውተሩን እንዳታጠፉት፣ ከላፕቶፑ እየቀያየራችሁ ቀጥሉ።