ግጦሹን ሳታርሱ ሳር ለመዝራት ማሽን ስትከራዩ

ጎንደር አጠገብ ካለችው ከጠዳ አለፍ ብሎ ተዳፋት ላይ ከወንድሞቼ ጋር የምንካፈለው ስድስት ጥማድ ግጦሽ አለን፤ ሄክታር ተኩል መሆኑ ነው። ሰርዶው ሳስቶ መሬቱ ራሰ በራ ሆኖ ነበር። ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ አፈራችንን ይዞ ወደ ጣና ይወርዳል። እንረሰው ብንል የቀረውንም ሥር ነቅለን ለጎርፍ ማስረከብ ነው። ስለዚህ ሳሩን በጠባብ መስመር ብቻ እየሰነጠቀ ዘር የሚከት፣ ከባለሁለት ጎማ ትራክተር ጋር የሚሠራ የጋራ ማሽን ተከራየን።

አንድ አዛውንት ጎረቤታችን «ሳይታረስ የተዘራ የወፍ ቀለብ ነው» አሉን። የመጀመሪያው ዓመት እሳቸው ረቱ። ግን ወፍ አልበላውም፤ ዘሩ ጣት ሙሉ ጠልቆ ተቀበረና አልወጣም። ሁለተኛው ዓመት በቀለ። ልዩነቱን ልንገራችሁ።

ተራችሁን ሚያዝያ ላይ ያዙ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሁሉም ማሽኑን በአንድ ሳምንት ይፈልገዋል፤ ያኔ የምትሰሙት «ነገ ይመጣል» ብቻ ነው። ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተከታትላችሁ ብትይዙ ደግሞ ማሽኑን ጭኖ የሚያመጣው የኢሱዙ መኪና ኪራይ ለሁላችሁ ይከፋፈላል። ነዳጁን ማን እንደሚችል፣ ቡሎን ቢሰበር ማን እንደሚገዛ፣ ዝናብ ቢከለክል ተራው ይቃጠል ወይስ ይጠበቅ፣ አስቀድማችሁ ጻፉት። ማሽኑን ስትረከቡ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ክፍያውን እኔ በጥማድ እመርጣለሁ። በሰዓት ከሆነ ሹፌሩ ይንቀረፈፋል። በጥማድ ሲሆን ደግሞ ይሮጣል፤ ስለዚህ አጠገቡ እሄዳለሁ።

ማሽኑ እርሻችሁ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በደንብ ይጠረግ። ከሰው ማሳ ቅንጬ አረም ይዞ ከመጣ ኪራይ ከፍላችሁ አረም ዘራችሁ ማለት ነው። ግጦሹንም ከብቶቹ ቀድመው ጠበቅ አድርገው ይጋጡት፤ ረጅም ሳር ቡቃያውን ፀሐይ ይከለክለዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ዘሩ። እኛ የዘራነው ሮደስ የሚባለውን የመኖ ሳር ነው። ዘሩ እንደ ጥጥ ብናኝ ቀላል ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ይወተፋል። ከደረቅ አሸዋ ጋር በሚዛን እኩል ቀላቅሉት። አሸዋው ወደ ታች እንዳይዘቅጥ ደግሞ ሳጥኑን ቶሎ ቶሎ አማስሉ። ለሄክታር 10 ኪሎ ዘር አሰብን እንበል፤ በካሬ ሜትር 1 ግራም ነው። ማሽኑ በአንድ ጊዜ 1 ሜትር ከ20 የሚሸፍን ከሆነ 50 ሜትር ሲሄድ 60 ካሬ ይዘራል። ቱቦዎቹ ጫፍ ላይ ፌስታል እሰሩና 50 ሜትር አስኪዱት። የተጠራቀመውን በሱቅ ሚዛን መዝኑ። 60 ግራም ዘርና 60 ግራም አሸዋ፣ በድምሩ 120 መምጣት አለበት። ካልመጣ ማስተካከያውን ነካ አድርጋችሁ ድገሙት። ሹፌሩ «እኔ አውቀዋለሁ» ቢላችሁ አትስሙት። የእኛም አውቃለሁ ባይ ነበር።

ጥልቀቱ ከ1 ሴንቲሜትር አይለፍ። ሁለት ሜትር እንደሄደ አስቁሙትና አፈሩን በጣታችሁ ጫሩ። ዘሩ ከጥፍራችሁ በታች ከጠለቀ ከፍ ይደረግ። ጥርት ያለ መስመር አይታችሁ አትታለሉ፤ ዘሩ ጠልቆ በቀረበት በመጀመሪያው ዓመትም መስመሩ አምሮ ነበር።

አፈራችሁ ዋልካ ከሆነ በዝናብ ማግስት አትግቡ። ጭቃው መሬቱን የሚሰነጥቀው ዲስክ ላይ ተለጥፎ ማሽኑን የሊጥ ሰሌዳ ያደርገዋል። አፈሩን በመዳፋችሁ አሹት፤ እንደ ገመድ ከተጠቀለለ አንድ ሁለት ቀን ታገሡ። አነዳዱ ሁልጊዜ ተዳፋቱን አግድሞ ይሁን። ወደ ታች የተሰነጠቀ መስመር ለጎርፍ ቦይ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ከብት አይግባ። ይህ ከማሽኑ ሁሉ ይከብዳል፤ ግጦሹ የጋራ ከሆነማ ሽማግሌ ይዞ መስማማት የግድ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት በማጭድ እያጨዳችሁ ተሸከሙ። ከብት ለመልቀቅ ስታስቡ ሳሩን ላም እንደምትነጨው በእጃችሁ ጎትቱት። ከነሥሩ ከመጣ ገና ነው፤ ቅጠሉ ብቻ ከተበጠሰ ይችላል።

እዚህም እዚያም ራሰ በራ ቦታ ይቀራል። ለሱ ብላችሁ ማሽን አትጥሩ። በቀጣዩ ክረምት በእጅ በትኑና ቅርንጫፍ ጎትቱበት። እኛ የግራር ጎተትንበት፤ ወንድሜ ጭረቱን እስካሁን ያሳየኛል።