ከልጆች ጋር በሐዋሳ መውጣት፦ ሰዓቱ፣ ስንቁና ወቅቱ

ሐዋሳ ላይ ልጆችን ይዞ ለመውጣት ሩቅ መንገድ አያስፈልግም። ሐይቁ፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል፣ የሐይቁ ዳር አደባባይ ጉዱማሌና ታቦር ተራራ ሁሉም በባጃጅ ይደረስባቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ መውጫውን የሚያበላሸው ሰዓት ነው። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ከቤት የተነሣ ቤተሰብ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች፣ ጥሩ ጥሩው ዓሣ ተሸጧል፣ ትንሹ ልጅ እንቅልፉ መጥቶ ይነጫነጫል። ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይበረታና ሐይቁ ይናወጣል። ስለዚህ ጠዋት 12፡30 ከቤት ወጥቶ 4፡30 ላይ ወደ ቤት መመለስን መነሻ ያድርጉት። ማለዳው ካመለጠ ሁለተኛው ዕድል ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው፤ እሱም ቢሆን ፀሐይ ሳትጠልቅ መጨረስ አለበት፤ ምክንያቱ ወረድ ብሎ ይመጣል።

ዋዜማውን ማታ

በማለዳ መውጣት የሚቻለው ቦርሳው ማታ ካደረ ብቻ ነው። ለግማሽ ቀን ለአንድ ልጅ 1 ሊትር፣ ለአዋቂ 1 ሊትር ተኩል የመጠጥ ውኃ ይያዙ። ከዚያ ሌላ አንድ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ለእጅ መታጠቢያ ይሙሉ፤ ሳሙና ይጨምሩ። የመታጠቢያው ውኃ ሲረሳ ልጆቹ ዓሣ በነኩበት እጅ ዳቦ ይበላሉ፣ ማታውን ሆድ ቁርጠት ይመጣል።

ለስንቅ የሚሻለው ሳይሞቅ የሚበላ፣ የማይፈስና ቶሎ የማይበላሽ ነው። እንቁላል ውኃው ከፈላ በኋላ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይቀቀል፤ ከነቅርፊቱ ይሂድ፣ እዚያው ይላጥ። የድንች ቅቅል በጨው፣ ድፎ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን ጥሩ ናቸው። አቮካዶ ሳይቆረጥ ይያዝ፤ ቤት የተቆረጠው እዚያ ሲደርስ ጠቁሮ ልጅ አይነካውም። ጨጨብሳ ቅቤው ይረጋል፣ ፍርፍር ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል። ወጥ የነካው ማናቸውም ምግብ ከምድጃ ከወረደ ሁለት ሰዓት ካለፈው ለልጅ አይሰጥ። ቆሎና ለውዝ ለታላላቆቹ ብቻ ነው፤ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ እየሮጠ ቆሎ ከቃመ ትንታ ሊያንቀው ይችላል።

ልብሱ ከሩቅ የሚለይ ይሁን፤ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ቲሸርት በሕዝብ መካከል ልጅን ለመፈለግ ትልቅ እገዛ ነው። የእናት ወይም የአባት ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ የልጁ ኪስ ውስጥ ይግባ። አንድ ቅያሬ ልብስ፣ ፎጣ፣ ባርኔጣ፣ የቆሻሻ መያዣ ከረጢት፣ አንድ ፓኬት ኦ አር ኤስ ይበቃል። ኦ አር ኤሱ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በግማሽ ሊትር የበጠበጠ ሰው ልጁን የባሰ ያስጠማዋል።

አሞራ ገደል

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ቤተሰብ ከዚህ ይጀምር። ጀልባዎቹ መረብ ይዘው የሚገቡት በማለዳ ስለሆነ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ሙሉ ትርኢት ነው። ልጆቹ ሁለቱን ዋና ዋና ዓሦች መለየት ይማሩ። ቆሮሶ ቅርፊታምና ጠፍጣፋ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምታስፈለፍል፣ ጫጩቶቿም አደጋ ሲያዩ ወደ አፏ የሚመለሱ ናት። ይህንን የሰማ ልጅ ዓሣውን በሌላ ዓይን ያየዋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፣ ረጃጅም ጢም አለው፤ አየር መተንፈስም ስለሚችል ከውኃ ወጥቶ ረጅም ሰዓት ይንቀሳቀሳል። ልጅ «ሞቷል» ብሎ ጣቱን አፉ ውስጥ እንዳይከት አስቀድመው ይንገሩት።

ራሱን መላጣ አድርጎ ትከሻውን ሰብስቦ የሚቆመው ትልቁ ወፍ አባ ኮዳ ነው። እግሩ ነጭ የሚመስለው ኩሱን እግሩ ላይ እየለቀቀ ሰውነቱን ስለሚያቀዘቅዝ ነው፤ የዕለቱ ትልቁ ሳቅ ከዚህ ይመጣል። ሰው ስለለመደ ይጠጋል፤ ግን ምንቃሩ ከትንሽ ልጅ ፊት ጋር እኩል ስለሚሆን ልጅ በእጁ ዓሣ ይዞ እንዲያጎርሰው አይፍቀዱ። ትርፍራፊ መወርወር ካስፈለገ አዋቂ ይወርውር።

ሾላዎቹ ሥር ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጉሬዛው ከላይ ሆኖ ቅጠሉን ይበላል፣ ችግር የለውም። ጦጣ ግን ዚፕ የተከፈተ ቦርሳ ታውቃለች። ስንቁን ዛፍ ሥር አይክፈቱ። ሙዝ ከነጠቀች ልጁ ይልቀቅላት፤ መጓተት ነው ንክሻ የሚያመጣው። ከነከሰች ወይም ከቧጠጠች ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነገ ዛሬ የሚባልበት አይደለም።

ጥሬ ዓሣ በዳጣ መብላት እዚያ የተለመደ ነው። ለልጆች ግን አይሁን። የሐይቅ ዓሣ ሥጋው ውስጥ ጥገኛ ትሎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ ሎሚውም ዳጣውም አይገድላቸውም፣ የሚገድላቸው እሳት ነው። ለልጅ አጥንቱ የወጣለት ጥብስ ወይም ሾርባ ይዘዙ፤ እንዲያም ሆኖ ከማጉረስዎ በፊት ሥጋውን በጣትዎ ፈልፍለው ይፈትሹ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አንገባበትም፤ የማይበላ ቤተሰብ ግን በጾም ቀን ስንቁን በርከት ያድርግ፤ ሐይቁ ዳር የሚያገኘው የዓሣ ሽታ ብቻ እንዳይሆን።

ጀልባ

ጀልባ ከ4 ሰዓት በፊት ነው። ከመሳፈርዎ በፊት ዋጋውን ይጨርሱ፦ በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? ስንት ደቂቃ? «እንነጋገራለን» ተብሎ የተጀመረ ጉዞ መሐል ሐይቅ ላይ ይጨቃጨቃል።

ቀጥሎ የላይፍ ጃኬቱን ልክ ይፈትኑ። ሁሉም ማሰሪያዎች ከታሰሩ በኋላ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት፤ አገጭና ጆሮ ድረስ ከወጣ ለልጁ ሰፊ ነው። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ የአራት ዓመት ልጅ ውኃ ውስጥ ከሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ልክ የሚሆን ጃኬት ከሌለ ጀልባው ይቅር፤ ልጁ ያለቅሳል፣ ያልፋል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሁለት ልጆች አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ያ አዋቂ ስልኩን ኪሱ ይክተት። ፎቶ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው።

ጉማሬ ለማየት ብዙዎቹ ጀልባዎች ወደ ጥቁር ውኃ ወንዝ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ቀዛፊው «ጠጋ ልበል?» ሲል መልሱ «አይ፣ እዚሁ ይብቃን» ነው። ጉማሬ ጠልቆ የት እንደሚወጣ አይታወቅም። ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ስለሚወጣ፣ ደንገልና ቄጠማ በበዛበት ዳርቻ በምሽት ከልጅ ጋር አይሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨርሱ ያልንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሌላው ትንኝ ነው።

እግር መንከር

ልጅ ውኃ ካየ እግሩን መንከር ይፈልጋል። ሐይቁ ውስጥ ግን የቢልሃርዝያ በሽታ አለ። ትሉ ዳርቻው ላይ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ይወጣና ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል፤ በብዛት የሚወጣውም ፀሐይ ሲበረታ፣ ማለትም ልጆች መንቦጫረቅ በሚፈልጉበት ሰዓት ነው። ውኃው ጥርት ማለቱ ምንም ዋስትና አይደለም። ልጁ ድንገት ከገባ ወዲያው በደረቅ ፎጣ ጠንከር አድርገው ያሹት፣ ልብሱን ይቀይሩለት። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳት፣ የሆድ ቁርጠት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ከታየ ለሐኪሙ «ሐይቅ ውስጥ ገብቷል» ብለው ይንገሩ፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል የታወቀ ነው፣ የሚያዘገየው አለመጠርጠር ነው። ዋና የሚወድ ልጅ የሆቴል መዋኛ ወይም የወንዶ ገነት ፍል ውኃ መዋኛ ይወሰድ።

እንደ ወቅቱ

ከመስከረም እስከ ኅዳር ታቦርን ይውጡ። ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ተራራው አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባም በጊዜዋ ናት። ከላይ በአንድ በኩል ሐይቁ፣ በሌላው ከተማው ይታያል፤ ልጆቹ የራሳቸውን ሰፈር ጣሪያ ይፈልጉ። ለመውጫና ለመውረጃ ሁለት ሰዓት ይመድቡ፣ ብቻዎን ሳይሆን ከሌላ ቤተሰብ ጋር ይሂዱ። ሽፍን ጫማ ግዴታ ነው፤ ልጅ የሚወድቀው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው፣ ሰንደል ጫማ በጠጠር ላይ ይንሸራተታል። ይህ ወቅት የወባም ወቅት ነው። ከ12 ሰዓት በኋላ ውጭ የሚያመሽ ልጅ ሙሉ እጅጌና ረጅም ሱሪ ይልበስ፤ ከመውጫው በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኩሳት ከመጣ ፓራሲታሞል ሰጥቶ መጠበቅ የለም፣ ደሙ ይመርመር።

ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት የጀልባና የወፍ ጊዜ ናቸው። ከአውሮፓ ብርድ የሸሹ ወፎች ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ የሚከርሙት በዚሁ ጊዜ ነው። ማለዳው ስለሚበርድ ሹራብ ያስፈልጋል፤ 3 ሰዓት ላይ ይወልቃል። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ ባጃጅ ይጠፋል። በዓሉን የሚያነግሡ ከሆነ ሕፃኑን በጀርባ ይዘሉት እንጂ በእጅ አይምሩት፤ ለታላላቆቹ «ብንጠፋፋ እዚህ» የምትባል አንዲት ቦታ አስቀድመው ያሳዩ። እንዲሁ ለመዝናናት ለሚመጣ ግን ያን ሳምንት መዝለል ይሻላል። ሐምሌ 19ም እንደዚሁ ነው።

በበልግ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ ይደርሳል። ቀኑ በየዓመቱ ይለያያል፤ አያንቶዎች የሚባሉት ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብትን ተመልክተው ይወስናሉ፣ ከዚያ ይታወጃል። ስለዚህ አስቀድሞ ቀን ቆርጦ ትኬት መግዛት አይሠራም፣ ማስታወቂያውን መጠበቅ ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሲሆን አደባባዩ ሐይቁ ዳር ያለው ጉዱማሌ ነው። ለልጆች የሚነገር ጥሩ መነሻም አለው፦ በአፈ ታሪኩ፣ ያገባች አንዲት ሴት በዓመት አንዴ ወላጆቿን ለመጠየቅ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣ ነበር፣ ጎረቤቱም አብሮ ይበላ ነበር። ቡርሳሜ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት ይሠራል። ልጆች ቤት ለቤት እየዞሩ መልካም ምኞት ይገልጻሉ፣ ይጋበዛሉም። ልጅዎ «አይዴ ጫምባላላ» ማለትን ተለማምዶ ይሂድ። ቅቤው ብዙ ስለሆነ ያልለመደ ሆድ ጥቂት ማንኪያ ይበቃዋል። ያመጡለትን ምግብ ፊት መንሳት ግን ነውር ነው፤ ይቅመስ።

ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ እናቶችም በጣም የሚቸገሩበት ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚያይል ጠዋቱ አሁንም ያገለግላል፤ መውጫው በጠቅላላ ከሁለት ሰዓት በላይ አይርዘም። ለቅዝቃዜው ወንዶ ገነት ተመራጭ ነው፤ ከሐዋሳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፍል ውኃው መነሻው ላይ ያቃጥላል፤ ልጅ የሚገባው ቀዝቅዞ በሚገባበት መዋኛ ብቻ ነው። መጀመሪያ በክርንዎ ይለኩት፤ ክርንዎን ካቃጠለ ለልጅ አይሆንም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ዋኝቶ ይውጣ፣ ውኃ ይጠጣ፣ ከፈለገ እንደገና ይግባ። ከሦስት ዓመት በታች ያለውን እግሩን ብቻ ይንከሩለት።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ዓሣ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ የተገዛ ዓሣ ጀልባ ላይ ሲሽከረከር ይሸታል። ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ደማቅ ቀይ፣ ሥጋው ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ይምረጡ። ሲያጸዱልዎ ጭንቅላቱንና አጥንቱን «አትጣሉብኝ» ይበሉ። ክዳን ባለው ዕቃ ይያዙት፣ በዚያው ቀን ይሠራ።

የልጆች ሾርባ፦ 1 ኪሎ ጭንቅላትና አጥንት በደንብ ይታጠብ፤ ስንጥቡ ሙሉ በሙሉ ይውጣ፣ ከቀረ ሾርባው ይመርራል። በ2 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ በ1 ቀይ ሽንኩርት፣ በ3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና በአውራ ጣት ልክ ዝንጅብል ይጣድ። መፍላት ሲጀምር አረፋው ይገፈፍ፣ እሳቱ ይቀነስ፣ ለ20 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ ጣዕሙ ይበላሻል። በጥቅጥቅ ወንፊት ይጠለል፤ አንድ አጥንት እንዳያልፍ ሁለት ጊዜ ይሁን። በተጠለለው ውኃ 2 ካሮትና 2 ድንች በደቃቁ ተከትፎ እስኪበስል ይቀቀል፣ ጨው ይግባ፣ ከወረደ በኋላ ሎሚ ይጨመቅበት። ልጆቹ ከቀን እንቅልፋቸው ሲነሡ ደርሷል።