ለሦስተኛ ፓርቲ የምትወዳደር አሜሪካዊት በልቦለድ ስትፈጥሩ

ጎንደር ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ ግድግዳ ላይ አንድ ካርቶን ለጥፌአለሁ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አስምሬበታለሁ፤ ዓመት፣ ዕድሜ፣ ምርጫ። ወላጆቿ ከጎንደር የሄዱ፣ ወደፊት በአሜሪካ የምትነሣ፣ ከዲሞክራቶችና ከሪፐብሊካኖች ውጭ በሦስተኛ ፓርቲ የምትወዳደር ፖለቲከኛ ታሪክ እየጻፍኩ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ያነበበው የአጎቴ ልጅ «ጋሼ፣ በ2046 እኮ የፕሬዚዳንት ምርጫ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለአራት የሚካፈለው 2048 ነው። ሰማንያ ገጽ ጣልኩ። ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ካርቶኑን ሥሩ። ዓመቶቹን በፈረንጆች ቁጠሩ።

እኔ በ2008 ወለድኳት፤ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ። ለፕሬዚዳንትነት 35 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም፣ በትውልድም አሜሪካዊ መሆን ያስፈልጋል። ጎንደር አዘዞ ተወልዳ በልጅነቷ ሄደች ካላችሁ መንገዱ ተዘጋ።

ከታች ትጀምር። ሚኒያፖሊስ ከ2009 ጀምሮ መራጩ እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይደረድራል፤ «ድምፄ ይባክናል» የሚለው ስጋት እዚያ ይቀላል። በ2033 የከተማው ምክር ቤት ትግባ፣ በ2042 ለሚኒሶታ ገዥነት ትወዳደር። የማይሆን ነገር አይደለም፤ የሬስሊንግ ተፋላሚ የነበረው ጄሲ ቬንቱራ በ1998 በሪፎርም ፓርቲ ስም፣ በ37 በመቶ ድምፅ፣ እዚያው ገዥ ሆኗል።

2048 ላይ ግን አትቸኩሉ። በግሉ የተወዳደረው ባለሀብት ሮስ ፔሮ በ1992 ከመላ አገሪቱ 19 በመቶ ገደማ አግኝቶ፣ ለየግዛቱ ከተከፋፈለውና ፕሬዚዳንቱን ከሚወስነው ከ538ቱ የኤሌክቶራል ኮሌጅ ድምፅ አንድም አልደረሰውም። ጆርጅ ዋላስ በ1968 13.5 በመቶ ይዞ 46 ወሰደ። የፔሮ ደጋፊ በየግዛቱ ተበትኖ የትም አንደኛ አላደረገውም፤ የዘር መለያየትን ይደግፍ የነበረው ዋላስ ግን ደጋፊዎቹ ደቡብ ላይ ተሰብስበውለት ነበር። በአብዛኛው ግዛት አንደኛ የወጣው ጠቅልሎ ነው የሚወስደው። እናም ልጅቷን አገር ሁሉ በመጠኑ ከሚወዳት፣ ሦስት አራት ግዛት አጥብቆ ይውደዳት። እሷ 30 ወስዳ ሁለቱ ተፎካካሪዎቿ ለማሸነፍ የሚያስፈልገውን 270 ካልሞሉ ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ ለእያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ነው፤ በሕዝብ ብዛት ትንሿ ዋዮሚንግ ከካሊፎርኒያ እኩል ናት፤ 26 ያገኘ ያሸንፋል። የእሷ ፓርቲ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው የለውም ማለት ይቻላል። ግን ሁለቱም ወገን በሯን ያንኳኳል። ምን ትጠይቃለች? የትኛውን ደጋፊዋን ታስቀይማለች? እኔ አርባ ገጽ የሰጠሁት ለእነዚያ ሳምንታት ነው፤ እናንተም አትሰስቱ።

ቀኖቹንም ወደ እኛ አቆጣጠር መልሷቸው። ቃለ መሐላው በጃንዋሪ 20 ነው፤ በእኛ ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ። ይህን ካርቶኑ ላይ ሳሰላ እርሳሴ እጄ ላይ ቆመ። ተሸንፋ ወደ ወላጆቿ አገር መጥታለች፤ የሚካኤልን ታቦት ከሕዝቡ ጋር አጅባ ውላለች። ዋሽንግተን እኩለ ቀን ሲሆን ጎንደር ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቃለ መሐላውን የምታየው በአክስቷ ቴሌቪዥን ነው፤ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ የነጠላዋ ጥለት አቧራ እንደያዘ፣ ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ።