የሞተር ሳይክል ኢንሹራንስ ሲገዙ ዋጋንና ሽፋንን እንዴት ማነጻጸር እንደሚቻል

ሞተር ሳይክል ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኢንሹራንስ የሚያስበው ቦሎ የሚያድስበት ቀን ሲደርስ ነው። ሊብሬውን ይዞ ወደሚቀርበው ቅርንጫፍ ይገባል፣ «ስንት ነው?» ይላል፣ ከፍሎ ይወጣል። ጥያቄው ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ «ሞተሬ ቢወድቅ፣ ቢሰረቅ ወይም ሰው ብገጭበት እናንተ የምትከፍሉኝ ስንት ነው?» የሚል ሲሆን፣ ኩባንያዎች በእርግጥ የሚለያዩት በዚህኛው መልስ ላይ ነው።

ከሁሉ በፊት ሁለት የሚምታቱ ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም ባለንብረት ሊገዛው የሚገባው የሦስተኛ ወገን ሽፋን ነው። የዚህ ሽፋን አረቦን፣ ማለትም ለሽፋኑ የሚከፈለው ገንዘብ፣ እንደ ተሽከርካሪው ዓይነትና አገልግሎት በታሪፍ የሚወሰን ስለሆነ፣ ጥቂት ብር ለማትረፍ ከኩባንያ ኩባንያ መዞር ትርፉ ድካም ነው። ሽፋኑ የሚክሰው እርስዎ የጎዱትን ሰው ወይም ንብረት እንጂ እርስዎንም ሞተርዎንም አይደለም። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠው ጣሪያ ለሞት ካሳ 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100,000 ብር ነበር፤ ጣሪያው ሊሻሻል የሚችል በመሆኑ በሚገዙበት ቀን የሚሠራበትን መጠን ይጠይቁ። መጠኑ የትኛውም ይሁን፣ ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ የባለንብረቱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፣ «ጥፋቱ የኔ አይደለም» ማለትም በቀላሉ አያድንም። ስለዚህ አስገዳጁ ሽፋን ሲገዛ ሊጠየቅ የሚገባው ብቸኛ የንጽጽር ጥያቄ፣ ኩባንያው ተጨማሪ አረቦን ተቀብሎ የኃላፊነቱን ጣሪያ ከፍ ያደርግ እንደሆነና እስከ ስንት እንደሚያደርስ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰዎች በተለምዶ «ሙሉ ኢንሹራንስ» የሚሉት፣ ግጭትን፣ መገልበጥን፣ ቃጠሎንና ስርቆትን የሚያካትተው አጠቃላይ ሽፋን ነው። ማነጻጸር ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። አገሪቱ ውስጥ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻ ስለነበር፣ የግል ኩባንያዎችን የፈቀደው ሕግ በ1986 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ ማወዳደር የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከአሥር የሚበልጡ ኩባንያዎች ባሉበት በዛሬው ገበያ ግን አንዱን ብቻ ጠይቆ መፈረም በገዛ እጅ የተተወ ዕድል ነው። ሁሉንም መዞር አያስፈልግም፤ ሦስት ይበቃሉ።

ሦስቱ የሚሰጡት ዋጋ ሊወዳደር የሚችለው ግን ለሦስቱም የቀረበው መረጃ አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ የሞተሩን ሞዴልና የተመረተበትን ዓመት፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን፣ የሰሌዳውን ኮድ፣ የሚሰጠውን አገልግሎት፣ ማን ማን እንደሚያሽከረክረው፣ ማታ የት እንደሚያድር፣ እንዲሁም ዋጋው ስንት እንዲባል እንደሚፈልጉ ይጻፉና ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም ይስጡ። መልሱን በቃል አይቀበሉ፤ ማህተም ያለበት የዋጋ ማቅረቢያና የውሉን ባዶ ቅጽ ይጠይቁ። ቅጹን ከመፈረም በፊት ለማሳየት የሚያቅማማ ቅርንጫፍ ካጋጠመዎት፣ በእኔ አስተያየት፣ ንጽጽሩ ለእሱ እዚያው ላይ አልቋል። በተጠቀሰው አረቦን ላይ ቴምብር ወይም ሌላ ክፍያ የሚጨመር ከሆነም አብሮ ተጽፎ ይምጣ።

በወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ብዙ ሰው የሚሳሳትበት የሞተሩ ዋጋ ነው። አረቦኑ የሚሰላው ከዚህ ዋጋ በመቶኛ ስለሆነ፣ ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ ብልሃት ይመስላል። ይሁን እንጂ 200,000 ብር የሚያወጣ ሞተር በ120,000 ብር ከተመዘገበ፣ ኩባንያው የሸፈነው የሞተሩን 60 በመቶ ብቻ ነው፤ ቀሪው 40 በመቶ በእርስዎ እንደተሸፈነ ይቆጠራል። ስለዚህ የ18,000 ብር ጥገና ሲመጣ መነሻው 10,800 ብር ይሆናል፣ ሌላው ተቀናሽ ገና ሳይነሳለት። ይህ ነገር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሰው ላይ ደርሷል፤ የውጭ ምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የሞተርና የመለዋወጫ ዋጋ ወደ ላይ ሲወጣ፣ በውሉ ላይ ያለው ቁጥር ግን በነበረበት ቆሞ ቀረ። ከገበያው በላይ ማስመዝገብም አይጠቅምም፣ ምክንያቱም በ1952ቱ የንግድ ሕግ መሠረት የንብረት መድን ካሳ ንብረቱ አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም። እንግዲህ ሁለት ሦስት ሻጮችን ጠይቆ የዛሬውን ዋጋ ማወቅ፣ ለሁሉም ኩባንያዎች ያንኑ ዋጋ መስጠትና በየዓመቱ ማስተካከል ነው የሚሻለው።

ቀጥሎ የሚመጣው ተቀናሽ ነው፤ ቢሮዎቹ ውስጥ «ኤክሰስ» ሲባል የሚሰሙት፣ በእያንዳንዱ አደጋ ላይ ከራስዎ ኪስ የሚወጣው ክፍያ ነው። ብዙውን ጊዜ «ከጉዳቱ ይህን ያህል በመቶ፣ ነገር ግን ከዚህ ብር የማያንስ» ተብሎ ይጻፋል። የሞተር ሳይክል ጉዳት ከመኪና ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ በመሆኑ፣ ሥራ ላይ የሚውለው መቶኛው ሳይሆን ያ «የማያንስ» የተባለው ነው። ዓይንዎን እዚያ ላይ ያድርጉ። ከዚህ ጋር የሚሄደው የእርጅና ቅናሽ ሲሆን፣ አሮጌው ዕቃ በአዲስ በሚተካበት ጊዜ የዋጋው ከፊል በእርስዎ ላይ እንዲወድቅ ያደርጋል። እኔ ራሴ ይህን የተማርኩት ስፖኪዮው፣ ሁለቱ ፍሬቻዎችና የፊት መብራቱ ከተሰበሩ በኋላ፣ በጋራዡ ፕሮፎርማ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እየተሰረዘ ወደ ታች የወረደውን ቁጥር ቆሜ እያየሁ ነው። ሠራተኛው ከውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ አንቀጹን አሳየኝ፤ ተጽፏል፣ እኔ አላነበብኩትም ነበር።

የሁለቱ ተቀናሾች ድምር ምን እንደሚያደርግ በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው ኩባንያ 5,000 ብር አረቦን ይጠይቃል፤ ተቀናሹ ከጉዳቱ 10 በመቶ ሆኖ ከ5,000 ብር አያንስም፤ በመለዋወጫ ላይም 25 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ያደርጋል። ሁለተኛው 6,200 ብር ይጠይቃል፤ ተቀናሹ 5 በመቶ ሆኖ ከ2,000 ብር አያንስም፤ የእርጅና ቅናሽ የለውም። ሞተሩ በትክክለኛ ዋጋው ተመዝግቦ ሳለ 18,000 ብር የሚያስወጣ ጉዳት ደረሰበት እንበል፤ ከዚህ ውስጥ 14,000 ብሩ የመለዋወጫ ነው። አንደኛው ከመለዋወጫው 3,500፣ ከዚያም 5,000 ቀንሶ 9,500 ብር ይከፍላል። ሁለተኛው 2,000 ቀንሶ 16,000 ብር ይከፍላል። በአረቦኑ ላይ 1,200 ብር የቆጠበው ሰው በአንድ አደጋ 6,500 ብር አጣ ማለት ነው። በአንጻሩ ሞተሩን የሚያወጣው ለእሑድ ብቻ የሆነ፣ ትንሹን ጭረት በራሱ ለመጠገን ዝግጁ የሆነና የሚፈራው ስርቆትን ብቻ የሆነ ሰው አንደኛውን ቢመርጥ አልተሳሳተም። በእያንዳንዱ የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ይህንኑ ስሌት በአንድ ትንሽ፣ በአንድ መካከለኛና በአንድ ሙሉ ውድመት ላይ መሥራት ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

ትንሹ ጉዳት ላይ ስሌቱ ሌላ ነገርም ያሳያል። ካሳ ሳይጠይቁ ዓመቱን የጨረሱ ደንበኞች በእድሳት ጊዜ የአረቦን ቅናሽ ያገኛሉ። ጉዳቱ 6,000 ብር፣ ተቀናሹ 5,000 ብር ከሆነና የሚጠብቁት ቅናሽ ደግሞ 1,000 ብር ከሆነ፣ ካሳ መጠየቁ ምንም አያተርፍልዎትም፤ ባይጠይቁ ግን ለትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ለቢሮ ምልልስ የሚጠፋው ቀን ይተርፍዎታል። ስለዚህ ቅናሹ በስንት ዓመት ስንት በመቶ እንደሚደርስ፣ አንድ ጊዜ ካሳ ከተጠየቀ በሙሉ ይጠፋ እንደሆነ፣ ከሌላ ኩባንያ ይዘውት የሚመጡትን የቅናሽ ማስረጃስ ይቀበሉ እንደሆነ ይጠይቁ።

ስርቆት ለሞተር ሳይክል ዋነኛው ሥጋት ስለሆነ አንቀጹ ቃል በቃል መነበብ አለበት። «ስርቆት ተካቷል» የሚለው መልስ አይበቃም። ቁልፉ ላይ ተትቶ የተወሰደ ሞተር ይካሳል ወይ? ማታ በግቢ ውስጥ ወይም ጠባቂ ባለበት ማቆሚያ ማደሩ ግዴታ ነው ወይ? ለስርቆት የተለየና ከፍ ያለ ተቀናሽ አለ ወይ? ባትሪው፣ ስፖኪዮው ወይም የዕቃ ሳጥኑ ብቻውን ቢሰረቅስ? በሞተር ሳይክል ውሎች የተለመደው፣ ተጨማሪ ዕቃዎች የሚካሱት ሞተሩ ራሱ አብሯቸው ሲሰረቅ ብቻ መሆኑ ነው። ጎማና ካላማዳሪም ለብቻቸው ቢቀደዱ ማንም አይክስም፣ እሱን መጠየቅ አያስፈልግም።

ከዚያ የአገልግሎት ዓይነት ይመጣል፤ ካሳ የሚከለከልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በግል መጠቀሚያነት የተመዘገበ ሞተር ምግብ ወይም ዕቃ ሲያደርስ፣ ወይም በክፍለ ሀገር ከተሞች እንደሚታየው ሰው በክፍያ ሲያመላልስ አደጋ ቢደርስበት፣ ኩባንያው «ይህን አደጋ አልሸፈንኩም» ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛል። አዲስ አበባ ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክሎች ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይንቀሳቀሱ ስለወሰነች፣ እዚያ የሚሠራ ሰው የፈቃዱን ቅጂ ከማመልከቻው ጋር ቢያያይዝ በኋላ ከሚነሳ ክርክር ይድናል። አሽከርካሪውም እንዲሁ ነው፤ ወንድምዎ ወይም ተቀጣሪዎ የሚነዳ ከሆነ ስሙ ይግባ፣ መንጃ ፈቃዱም ለሞተር ሳይክል የተሰጠ መሆኑ ይረጋገጥ። አረቦኑ በዚህ ምክንያት ከፍ ቢል ይክፈሉ፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተሞላ መረጃ ውሉን ዋጋ ሊያሳጣው እንደሚችል የንግድ ሕጉ ይደነግጋል፣ የከፈሉትም አረቦን አይመለስም።

ከሞተሩ ይልቅ የሚሰበረው አሽከርካሪው ነው። አጠቃላይ ሽፋን ሲባል አሽከርካሪውም ያለበት የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የአሽከርካሪው የግል አደጋ ሽፋንና ከኋላ ለሚቀመጠው ተሳፋሪ የሚሆነው የኃላፊነት ሽፋን ተጨማሪ ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። ሲያወዳድሩ ለሞት፣ ለዘላቂ የአካል ጉዳትና ለሕክምና የተመደበውን ብር ለየብቻ ይጻፉ፤ የሕክምናው ጣሪያ አንድ የእግር ቀዶ ሕክምና በግል ሆስፒታል ከሚያስወጣው ጋር ይተያይ። የራስ ቁር አለማድረግ ካሳውን ይቀንሰው እንደሆነም ይጠየቅ።

ከከተማ ውጭ የሚሄድ ሰው ውሉ ላይ ያለውን የክልል ወሰንና ከጦርነት፣ ከሁከትና ከሽፍታ ጋር የተያያዙትን ገደቦች ማየት አለበት። የሽፍታ ጉዳት ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎበት የሚገባ ሽፋን ነው፤ በዚህ ዘመን ኩባንያዎች ለየትኛው መንገድ እንደሚሸጡትና እንደማይሸጡት በጽሑፍ ማግኘት ይበጃል። ወደ ኬንያ ወይም ወደ ጅቡቲ ለሚሻገር ደግሞ የሦስተኛ ወገን ሽፋኑ ድንበር ተሻግሮ እንዲሠራ የሚያደርግ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ አለ።

የሚቀረው በወረቀት የማይታየው ነገር ነው፤ ኩባንያው ካሳ ሲጠየቅ ምን ያህል ይፈጥናል? ለዚህ ከማስታወቂያ ይልቅ ሞተር የሚጠግኑ ሜካኒኮች የታመኑ ምስክሮች ናቸው። የትኛው ኩባንያ ገማች በሁለተኛው ቀን እንደሚልክ፣ የትኛው የጋራዡን ሒሳብ ለወራት እንደሚያዘገይ ያውቃሉ። እግረ መንገድዎን ጋራዡን ማን እንደሚመርጥ ይጠይቁ፤ ኩባንያው ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛውን የሚወስድ ከሆነ፣ መለዋወጫው ኦርጅናል ነው ወይስ ተመሳሳይ የሚለው በውሉ ላይ መታየት አለበት። በወኪል በኩል የሚገዙ ከሆነ ወኪሉ የኩባንያው ሰው እንደሆነ ያስታውሱ፤ ሕጋዊ የመድን ደላላ ግን እርስዎን ወክሎ የተለያዩ ኩባንያዎችን ዋጋ ሊያመጣልዎት ይችላል።

መርጠው በሚፈርሙበት ቀን ሞተሩን ከአራት አቅጣጫ ፎቶግራፍ ያንሱ፣ የሻንሲ ቁጥሩ በውሉ ላይ በትክክል መጻፉን ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፣ ሽፋኑ የሚጀምርበትን ቀንና ሰዓት ይዩ። አደጋ ሲደርስ በስንት ቀን ማሳወቅ እንዳለብዎት የሚገልጸውን አንቀጽ አስምረውበት ስልክዎ ላይ ያስቀምጡ። ክርክር ቢነሳ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል፤ ፍርድ ቤት ለመሄድ ግን ከመድን ውል የሚነሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት በይርጋ እንደሚታገድ አይዘንጉ። ውሉ ከሚያልቅበት ቀን አንድ ወር ቀደም ብለውም ያችኑ ወረቀት ያውጡና የሞተሩን ዋጋ በአዲሱ ገበያ አስተካክለው ለሦስቱ ኩባንያዎች እንደገና ይስጡ።