ያገለገለ የዓሣ ጀልባ በአነስተኛ ገንዘብ ሲገዛ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በአሰንዳቦና በደነባ አካባቢ የተኛው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ የሚወጣበት ውሃ ሆኗል። ጀልባ ግን እንደ ሞተር ብስክሌት ከሱቅ ተመርጦ የሚገዛ ዕቃ ስላልሆነ፣ በመረብ ሥራ ለመሰማራት ያሰበ ሰው ያገለገለ ጀልባ ወይ ከሐይቁ ዳር ከሌላ አስጋሪ እጅ፣ ወይ ደግሞ በደላላ በኩል ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከባሕር ዳር መፈለጉ አይቀርም። ይህ ጽሑፍ ገንዘቡ ለአንድ ጀልባ ብቻ የሚበቃና ሁለተኛ ዕድል የሌለው ገዢ በሻጩ ፊት ቆሞ የሚያያቸውን ምልክቶች ከነምክንያታቸውና ከነመፍትሄያቸው ያቀርባል።

አብዛኛው ጀማሪ ሞተሩ ሲነሣ ሰምቶ ጀልባውን ይገዛል፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተርን (ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለትን) የሞተር ብስክሌት መካኒክ ሊፈታና ሊያጸዳ ይችላል፣ የተበላሸውም ክፍል በሌላ ይተካል። የበሰበሰ የጀልባ አካል ግን ለመጠገን ከግዢው ዋጋ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ፍተሻው ከአካሉ ተጀምሮ በሞተሩ ቢያበቃ ይሻላል። ለዚህም ካቻቢቴ፣ አነስተኛ መዶሻ፣ የእጅ ባትሪ፣ የካንዴላ ቁልፍና ንጹሕ ጨርቅ መያዝ ይበቃል። ከያዙት ገንዘብ ሲሶውን ለጥገና፣ ለማጓጓዣና ለሕይወት አድን ሰደርያ ሳይነኩ ማስቀመጥ ይገባል፤ ሻጩም ይህን ገንዘብ ባያውቅ መልካም ነው።

ሞተር የሚታሰርበት የኋላ ግድግዳ ይወዛወዛል

ሞተሩ በቦታው ታስሮ ሳለ የታችኛውን ክፍል ወደ ላይ አንሥተው በሁለት እጅ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሲጫኑት፣ የጀልባው የኋላ ግድግዳ አብሮ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ወይም ግድግዳው ከጎኖቹ ጋር በሚጋጠምበት ማዕዘን ላይ ስንጥቅ ሲከፈትና ሲዘጋ ከታየ፣ ከሁሉ የከፋው ምልክት ይህ ነው። ሻጩ «ብሎኑ ላልቶ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ፊት ብሎኑን አጥብቆ እንደገና መጫን ነው።

በፋይበርግላስ ጀልባዎች ላይ ይህ ግድግዳ ብዙውን ጊዜ በሁለት በኩል ፋይበር የለበሰ ኮምፔንሳቶ ነው። ውሃ የሚገባው ሞተሩ በሚታሰርባቸው የብሎን ቀዳዳዎችና በጀልባው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ በኩል ሲሆን፣ ከገባ በኋላ መውጫ ስለማያገኝ እንጨቱን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። የውጭው ፋይበር ግን እንደ ጤነኛ እያብረቀረቀ ይቆያል። ይህን ለማረጋገጥ በመጀመሪያ ግድግዳውን በካቻቢቴው እጀታ ከላይ እስከ ታች መምታት ነው፤ ጤነኛው ክፍል ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው ግን ይታፈናል። ሻጩ ከፈቀደ ደግሞ በውስጥ በኩል፣ ወደ ታች ጠጋ ብሎ፣ በቀጭን መብሻ አንድ ቀዳዳ ማውጣት ሁሉንም ይናገራል። የሚወጣው ፍርፋሪ ፈዛዛና ደረቅ ከሆነ እንጨቱ ደኅና ነው፤ እንደ ቡና አተላ ጠቁሮና ረጥቦ በመብሻው ላይ ከተጣበቀ ግን ጨዋታው አብቅቷል። ቀዳዳው በጥቂት ሬዚን (ፋይበሩን በሚያጣብቀው፣ ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ) ስለሚደፈን ጀልባውን አይጎዳም፤ ስለዚህ በፍጹም አልፈቅድም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል ማለት ነው።

እውነተኛው መፍትሄ አንድ ብቻ ነው፤ የውስጡን ፋይበር ቆርጦ ማንሣት፣ የበሰበሰውን እንጨት እስከ ጤነኛው ድረስ ማስወገድ፣ አዲስ ኮምፔንሳቶ አጣብቆ ማስገባትና በፋይበርና በሬዚን መልሶ ማልበስ። ለ1 ኪሎ ፖሊስተር ሬዚን የሚጨመረው ማጠንከሪያ ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ከዚህ ቢበዛ ሬዚኑ ገና በእጅ ሳለ ይሞቃል፣ ይሰነጠቃልም፤ ካነሰ ደግሞ ለቀናት ሲያጣብቅ ይቆያል። ሬዚን እርጥብ እንጨት ላይ ስለማይዝ፣ ዝናቡ በማይለቅባት በጅማ ይህን ሥራ በክረምት መሞከር ድካምን ማባከን ነው፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል። በሁለት በኩል ላሜራ ለጥፎ በብሎን ማጥበቅ እንደ ጥገና ሲቆጠር ይታያል፤ ብስባሱ ግን ከላሜራው ሥር መቀጠሉን አያቆምም።

ሆኖም ሌላው አካል ጤነኛ ከሆነና ዋጋው በእጅጉ ከቀነሰ፣ ይህን ጀልባ ያለ ሞተር ገዝቶ በመቅዘፊያ መሥራት ያዋጣል። በባሕር ሸሽ፣ ማለትም ውሃው በሚሸሽበት የሐይቅ ዳር፣ መረብ ለሚጥል ጀማሪ መቅዘፊያ አያንስም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ዓመት የቤንዚን ወጪ የሌለበት ቢሆን እመርጣለሁ።

ጀልባው ለሽያጭ ሲባል አዲስ ቀለም ተቀብቷል

አዲስ ቀለም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከሥሩ ስቱኮ ካለ ግን ነው። ጀልባውን ገልብጠው ወይም በጎኑ አስተኝተው የእጅ ባትሪውን ከአካሉ ጋር ትይዩ አድርገው ቢያበሩ፣ በስቱኮ የተሞላው ቦታ እንደ ጥላ ያለ ዝቅታ ወይም እብጠት ሆኖ ይታያል። በዚያ ቦታ ላይ በውስጥ በኩል ያለውን መልክ መመልከት ያስፈልጋል። ስንጥቁ በውስጥም በዚያው አቅጣጫ ከታየ ፋይበሩ ራሱ ተሰብሯል ማለት ሲሆን፣ መጠገኛው በስንጥቁ ግራና ቀኝ ፋይበሩን በሰፊው እየሳሳ እንዲሄድ ሞርዶ በተደራራቢ ፋይበርና ሬዚን መሙላት ነው። በውጭ ብቻ የሚታይ፣ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስስ መስመር ግን ብዙውን ጊዜ የላይኛው ልባስ ብቻ ስንጥቅ ስለሆነ ያን ያህል አያሳስብም። ያልተቀባና ጠባሳው በግልጽ የሚታይ ጀልባ ከተዋበው ይልቅ የሚታመን ነው።

ውሃ ያስገባል

መልሱ ጀልባው እንደተሠራበት ነገር ይለያያል። የእንጨት ጀልባ ለረጅም ጊዜ በየብስ ላይ ከቆየ ሳንቃዎቹ ደርቀው ስለሚሸሹ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ በሁሉም መጋጠሚያ እኩል ማንጠብጠቡ ያለ ነው። እንዲህ ያለውን ጀልባ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ማሳደር ነው፤ እንጨቱ ሲያብጥ ፍሳሹ እየቀነሰ ከሄደ ምክንያቱ ድርቀት ብቻ ነበር። ፍሳሹ በአንድ ቦታ ብቻ በርትቶ ከቀጠለ ግን ካቻቢቴውን በዚያ ሳንቃ ላይ መጫን ነው፤ ያለ ትግል ከገባ እንጨቱ በስብሷል፣ ሳንቃውም መቀየር አለበት። መጋጠሚያ የሚደፈነው በተጠመዘዘ ጥጥና በሬንጅ ነው፤ በስሚንቶ የተደፈነ ካጋጠመ ስሚንቶው ከእንጨቱ ጋር ስለማይተጣጠፍ ይዋል ይደር እንጂ ይፈነቀላል።

በምስማሮቹ ዙሪያ ጥቁር ክብ መታየቱ ተራ የብረት ምስማር ዝጎ በዙሪያው ያለውን እንጨት እያበላሸ መሆኑን ያመለክታል። አዲሱን ምስማር በድሮው ቀዳዳ መልሶ መምታት ዋጋ የለውም። ከጎኑ በጤነኛ እንጨት ላይ በዚንክ የተለበጠ ምስማር መምታትና የድሮውን ቀዳዳ በእንጨት ውታፍ መድፈን ይሻላል።

የላሜራ ጀልባ ከውጭ ይልቅ ከውስጥ፣ ውሃ በሚቋጥርበት በወለሉ ጣውላ ሥር ይዝጋል። ጣውላውን አስነሥተው በመዶሻ ቀስ ብለው ሲመቱት የሚሰረጉድ ወይም ዝገቱ እንደ ቅርፊት የሚነሣ ከሆነ፣ ያ ክፍል ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ መበየድ አለበት። በጅማ ብየዳ ቤት ስለማይቸግር ይህ ከሁሉ ቀላሉ ጥገና ነው። ይሁንና ላሜራ ጀልባ ውሃ ከሞላው እንደሚሰምጥ መዘንጋት የለበትም፤ ባዶና ክዳናቸው የጠበቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካኖችን ከመቀመጫዎቹ ሥር አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ጀሪካን 20 ኪሎ ገደማ ያነሣል።

ባዶውን ሆኖም ውሃ ውስጥ ይጠልቃል

ድርብ ወለል ባለው የፋይበርግላስ ጀልባ ላይ ይህ የሚሆነው በወለሎቹ መካከል ያለው ፎም ውሃ ሲጠጣ ነው። ወለሉ ሲረገጥ እንደ ፍራሽ ይሰረጉዳል፤ ጀልባውን ለማንሣትም ከሚጠበቀው በላይ ሰው ይጠይቃል። ፎሙ በፀሐይ አይደርቅም፤ ወለሉን ከፍቶ ማውጣት ግድ ነው። በጥቂት ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ ይቅርብዎ።

ሞተሩ

ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ እንዳይጠብቅዎ ሲደርሱ በእጅዎ ይዳስሱት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ብቻ እውነቱን ይናገራል። የሚፈተነውም ውሃ በተሞላ በርሜል ውስጥ እንጂ በደረቁ አይደለም፤ የውሃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች ያለ ውሃ ሲዞሩ በጥቂት ጊዜ ይቃጠላሉ።

ተነሥቶ ወዲያው የሚጠፋ፣ ወይም ቾክ ሲሳብ ብቻ የሚሠራ ሞተር ብዙ ጊዜ የቆየ ቤንዚን በካርቡሬተሩ ቀዳዳዎች ውስጥ እንደ ሙጫ ደርቆበት ነው። ማጽዳት በቂ ስለሆነ ይህ ለዋጋ መቀነሻ እንጂ ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም። ከጎኑ የሚወጣው የማቀዝቀዣ ውሃ ቀጭንና የሚቆራረጥ ከሆነ አስቀድመው መውጫውን በቀጭን ሽቦ ይጥረጉት፤ ካልተሻሻለ የፓምፑን ጎማ መቀየር ነው። ውሃው ጨርሶ ካልወጣና ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ሲሠራ የቆየ ከሆነ ግን ፒስተኑና ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ሳይነካ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ በዓሣ ጀልባ ሞተር ላይ የሚያጋጥመው ችግር ከመረብ የሚመጣ ነው። የመረብ ናይለን በኤሊካው (ውሃውን እየገፋ ጀልባውን በሚያስኬደው ተሽከርካሪ) ዘንግ ላይ ተጠምጥሞ እየጠበቀ ሲሄድ የዘይት መጠበቂያውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ውሃ ወደ ማርሹ ይገባል። ለማወቅ ከታችኛው ክፍል ላይ ያለውን ዝቅተኛውን ብሎን በጥቂቱ አላልቶ የሚወርደውን መመልከት ነው፤ መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ ከጠበጠበ፣ ወይም ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ፣ ውሃ ገብቷል። ማርሹ ካልተጎዳ ኤሊካውን አውጥቶ ናይለኑን ቆርጦ ማጽዳት፣ ጎማዎቹን መቀየርና አዲስ የማርሽ ዘይት መሙላት ይበቃል። በዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ግን ማርሹ ራሱ እየተበላ ነው።

ሞተሩ እየጮኸ ጀልባው የማይሄድ ከሆነ ጥፋቱ በኤሊካው ውስጥ ያለው ጎማ መንሸራተቱ ሊሆን ይችላል። በኤሊካው መሐልና በዙሪያው ባለው ክፍል ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም አስምረው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ይመልከቱት፤ መስመሩ ከተበጠሰ ጎማው ተንሸራቷል።

የኃይል ማነስን በተመለከተ ሞተሩን ከመውቀስ በፊት ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል። ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ ከ1,600 ሜትር በላይ በሚገኘው በዚህ ሐይቅ ላይ ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር 12.5 ገደማ ይሆናል። ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ ወይም ከጣና የመጣው ሞተር በተቀራራቢ ከፍታ ሲሠራ የኖረ ነው። ከጫሞ የመጣው ግን ከዝቅተኛ ስፍራ ስለሆነ ነዳጅ ሊበዛበት ይችላል፤ ካንዴላው ጠቁሮና ረጥቦ ይወጣል። መፍትሄውም አነስ ያለ የካርቡሬተር ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ) መግጠምና፣ እንደ አብዛኛው ሞተር 50 ለ1 የሚል ከሆነ፣ በ5 ሊትር ቤንዚን ውስጥ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ዘይት አለመጨመር ነው። በከፍታው ምክንያትም የኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ልኬትን ከመመሪያ መጽሐፍ ቁጥር ጋር ሳይሆን ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማነጻጸር ይገባል፤ ልዩነቱ ከ15 በመቶ ካለፈ ሞተሩ መፈታቱ አይቀርም።

ዋጋው ከሚገባው በላይ ርካሽ ሆኖ ሻጩ ይቸኩላል

አካሉም ሞተሩም ደኅና ሆኖ ዋጋው የወረደ ከሆነ ችግሩ ባለቤትነቱ ላይ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ጀልባ የአስጋሪዎች ማኅበር ንብረት ሆኖ ሳለ በአንድ አባል እጅ ይገኛል፤ ያ አባል ብቻውን የመሸጥ መብት የለውም። እንዲህ ከሆነ የማኅበሩ ቃለ ጉባኤና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሳይያዝ ቀብድ መስጠት አያስፈልግም። የግል ከሆነም ውሉ በምስክሮች ፊት፣ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፈርሞበት፣ የሞተሩን ቁጥር ጠቅሶ ይጻፍ። ለሽያጭ ማስገር በአዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረት ፈቃድ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ጀልባውን ከመግዛትዎ በፊት ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጎራ ብለው ፈቃዱንና የተፈቀደውን የመረብ ዓይን ስፋት መጠየቅ አላስፈላጊ ወጪን ያስቀራል።

ሲገዛ ያልነበረ ስንጥቅ ጅማ ሲደርስ ታየ

ይህ የሚሆነው ጀልባው በአይሱዙ ላይ ሲጫን ሆዱ ሳይደገፍ ጎኖቹ በገመድ ስለተወጠሩ፣ ከዚያም በላይ ሞተሩ ሳይፈታ ስለተጫነ ነው፤ በየጉድጓዱ የሞተሩ ክብደት የኋላውን ግድግዳ ይነቀንቀዋል። ሞተሩን ፈቶ ለብቻ መጫን፣ ከጀልባው ሆድ ሥር ከአፍንጫው እስከ ኋላው አሮጌ ጎማ ወይም ገለባ የሞላ ጆንያ መደርደር፣ ገመዱንም በጠርዙ ላይ ሳይሆን በውስጥ አጥንቶቹ ትይዩ ማሳለፍ ይገባል። ሞተሩ ከመተኛቱ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ውሃው በሙሉ እንዲወርድ ይደረግ፤ ከዚያም የላይኛው ክፍል ከኤሊካው በኩል ከፍ ብሎ እንዲተኛ ትራስ ይደረግለት፤ አለዚያ የቀረው ውሃ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።